የሱቅ አፕ ሠርተናል፤ ፓተንት እናውጣ ወይስ ዝም ብለን እንልቀቀው?

ቀጭኔ_ኮድ
ሰላም ለቤቱ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለመርካቶ ጅምላ ሻጮች የሚሆን አፕ ሠርተናል። ቸርቻሪው በድምፅ "አምስት ካርቶን ሳሙና፣ አንድ ኩንታል ስኳር" ብሎ ይልካል። አፑ ወደ ጽሑፍ ይቀይርና ትእዛዙን ያደራጃል። ጅምላ ሻጩ አንዴ ነካ አድርጎ ያጸድቃል፣ አለቀ። እየሠራ ነው፣ የሚሞክሩት ነጋዴዎችም ወደውታል።

አሁን አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ "ሳትለቁት ፓተንት (ሌላ ሰው ፈጠራችሁን ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት) አውጡ፣ አለዚያ ትልልቆቹ ይበሉታል" አለን። የጠራው ብር ግን ሰርቨራችንን ለዓመት ያንቀሳቅሳል። ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ "የአገር ቤቱን ተወው፣ የአሜሪካውን አውጡ" ይላል። የምታውቁ ንገሩኝ። ከተቻለ ስድብ ቀነስ አድርጋችሁ።

ሕግ_ሰፈር
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ብሩን ኪስህ መልሰው። ሰውዬው የሚሸጥልህ የሌለ ዕቃ ነው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አንቀጽ 4ን ክፈትና አንብበው። ፓተንት የማይሰጣቸውን ነገሮች ሲዘረዝር የኮምፒውተር ፕሮግራምን ስሙን ጠርቶ አስቀምጦታል። ከጨዋታ ደንብና ከንግድ ሥራ ዘዴ ጋር ነው የመደበው። ማሽን ብትፈለስፍ 15 ዓመት፣ እዚህ አገር በሥራ ላይ ካዋልከው ደግሞ 5 ዓመት ተጨምሮልህ ትጠበቅ ነበር። ለአፕ ግን የለም።

ያላችሁ የቅጂ መብት ነው፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996። ኮዱን ከጻፋችሁበት ጊዜ ጀምሮ የእናንተ ነው፣ ለመብቱ ምዝገባ አያስፈልግም። ስሙንና ዓርማውን ደግሞ በንግድ ምልክት አስመዝግቡ፣ ይሄኛው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁ ራሳችሁ የምትጨርሱት ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን እወቅ። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የጻፋችሁትን ኮድ ነው። ሐሳቡን፣ ዘዴውን፣ አሠራሩን አይጠብቅም። ይሄም በአዋጁ ተጽፏል።

ቀጭኔ_ኮድ
እና አንዱ ኮዳችንን ሳያይ ከባዶ ተነስቶ ተመሳሳዩን ቢሠራስ?

ሕግ_ሰፈር
ይሠራል። ምንም አታደርገውም።

ተበልቼ_አውቃለሁ
ምንም አታደርገውም! ቁጭ ብላችሁ እንዲህ ስትሉ ደሜ ይፈላል። እኔ አንድ ድርጅት ሄጄ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሐሳቤን ከነስዕሉ፣ ከነስሌቱ አቀረብኩ። "በጣም ደስ ይላል፣ እናስብበታለን" አሉኝ፣ ቡና ጋበዙኝ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆሙ። ዓመት ሳይሞላ ያው ነገር በራሳቸው አፕ ውስጥ ወጣ፤ የቁልፎቹ አደራደር እንኳ የኔው ነው። ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ኮድ ሰጥተሃቸዋል? አልሰጠሁም። ሚስጥር ለመጠበቅ አስፈርመሃል? ማንን አስፈርማለሁ፣ እነሱ እኮ ናቸው በር ላይ መታወቂያ ያስፈረሙኝ! በቃ ሂድ አለኝ።

"ሐሳብ ርካሽ ነው፣ ዋናው መሥራቱ ነው" የምትሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሐሳባችሁ ተወስዶ አያውቅም። ፓተንት ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር በካናዳ ታይቷል። አይ ፎር አይ የምትባል የቶሮንቶ ትንሽ ኩባንያ ስለ ሰነድ አዘገጃጀት ፓተንት ነበራት። ቴክኖሎጂዋን ለማይክሮሶፍት ሰዎች አሳይታ ነበር፣ በኋላ ነገሩ ዎርድ ውስጥ ተገኘ። ከሰሰች። ማይክሮሶፍት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በፈረንጅ 2011 ተረታ፣ ወደ 290 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ያንን ነገር ከዎርድ ውስጥ ነቅሎ እንዲያወጣም ተገደደ። ያለ ፓተንት ይቺ ኩባንያ ቡና ተጋብዛ ትሸኝ ነበር፣ እንደኔ።

ሲያትል_ዝናብ
ተበልቼ፣ ያደረጉህ ነገር ያበሳጫል። የአይ ፎር አይ ታሪክም እውነት ነው። ግን ያ ክስ የተጀመረው በ2007 ነው፣ ያለቀው በ2011። አራት ዓመት ሙሉ የአሜሪካ ጠበቃ እየከፈልክ መቆየት ትችል ነበር? እዚህ አሜሪካ አንድ የፓተንት ክስ እስከ ፍርድ ድረስ ሲሄድ ወጪው በሚሊዮን ዶላር ነው የሚቆጠረው። ያንን የሚችል ሰው አስቀድሞም የሚበላ ሰው አይደለም።

የሱቅ አፕ ስለሆነ የሱቅ ታሪክ ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ላይ ዕቃ መርጠህ "ቅርጫት" ውስጥ የምትከተው ነገር አለ አይደል? እሱ ላይ ፓተንት ነበረ። በ1994 ያመለከተው ድርጅት በኋላ ጠፋ፣ ፓተንቱ ሶቨሬን የሚባል ኩባንያ እጅ ገባ። ሶቨሬን በፍርድ ቤት ደጅ የሚኖር ኩባንያ ነበር። አማዞን በ2005 40 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተገላገለ። ሌሎችም ከፈሉ። ከዚያ ኒውኤግ የሚባል ኮምፒውተር ሻጭ "አንከፍልም" አለ። ታችኛው ፍርድ ቤት ላይ ተሸነፈ፣ ይግባኝ አለ። በጥር 2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት "ይሄ ነገር ገና ድሮ ኮምፑሰርቭ በሚባለው የኮምፒውተር መረብ አገልግሎት ላይ ይሠራበት ከነበረው ብዙም አይለይም" ብሎ ፓተንቱን ሰረዘው። ልብ በሉ፣ ፓተንቱ መሰጠት ያልነበረበት ነው። ይሄ እስኪታወቅ ግን የዓለም ትልቁ ሱቅ ሳይቀር ከፍሏል። ለምን? መክፈል ከመከራከር ስለሚቀል። መንገዱን ያልሠራ ሰው ኬላ ዘርግቶ ሲያስከፍል ማለት ነው።

"እነሱ ትልልቆች ናቸው፣ እኛን ማን ያየናል" እንዳትሉ። በ2011 ሎድሲስ የሚባል ድርጅት ለአይፎን አፕ ሠሪዎች የፓተንት ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ በተነ፣ አንዳንዶቹንም ከሰሰ። ብዙዎቹ እንደ ቀጭኔ አንድ ሁለት ሰው ሆነው የሚሠሩ ናቸው። ጥፋታቸው አፑ ውስጥ "ወደ ሙሉው ቅጂ አሻሽል" የሚል ቁልፍ ማድረጋቸው ነው። የጠየቃቸው ከአሜሪካ ገቢያቸው 0.575 በመቶ ነው። እዩት እንግዲህ፣ ማንም ጠበቃ ከመቅጠር ይልቅ እንዲከፍል ተሰልቶ የተቀመጠ ዋጋ። አፕል "የነሱንም ፈቃድ እኔ ከፍያለሁ" ብሎ ክሱ ውስጥ ገባ። ሎድሲስ ከተከሳሾቹ ጋር አንድ በአንድ ተስማምቶ ጨረሰና የአፕል ፈቃድ ይሸፍናቸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይፈረድበት ቀረ።

ቀበሌ_ወጣ
0.575 😂 ቫቱን ረሱት

ተበልቼ_አውቃለሁ
ሲያትል፣ ጥሩ ተረክክ። ግን የነገርከን የሌቦች ታሪክ ነው እንጂ የፓተንት አይደለም። ሐሰተኛ ካርታ ስላለ የቤት ካርታ ይቅር አይባልም።

ሲያትል_ዝናብ
የቤት ካርታ ድንበሩ ይታወቃል፣ በዚህ ኬክሮስ በዚህ ኬንትሮስ ይልሃል። የሶፍትዌር ፓተንት ድንበሩ የሚታወቀው ከተከሰስክ በኋላ ዳኛው ቃላቱን ሲተረጉም ነው። ችግሩ እሱ ነው። እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ መሐንዲሶችን "የሌላ ኩባንያ ፓተንት አታንብቡ" ይሉናል። አውቆ መጣስ ካሳውን እስከ ሦስት እጥፍ ያሳድገዋላ! እንግዲህ ፓተንት ዕውቀትን ይፋ ለማድረግ ነው ሲባል የነበረው፣ የሚመለከታቸው ሰዎች እንዳያነቡት ይመከራሉ።

አልጎሪዝሟ
እኔ መሀል ቤት ነኝ። "አንድ ቁልፍ ነክቶ መግዛት" እና የድምፅ መጭመቂያ ሂሳብ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ኤምፒ 3ን የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተመራማሪዎች ዓመታት ፈጅተውበታል። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ለይቶ መጣል ከባድ ምርምር ነው፣ ማንም ቁጭ ብሎ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያመጣው ሐሳብ አይደለም። የፈቃዱ ገንዘብ እስከ 2017 ድረስ ገብቶላቸዋል፣ ምርምር ተቋም ስለሆኑም ወደ ምርምር ነው የተመለሰው። እሱ አይገባቸውም ነበር?

የቪዲዮው ግን ተበላሸ። ኤችኢቪሲ የሚባለው መጭመቂያ ላይ የፓተንት ባለቤቶቹ በአንድ አልሰበሰብ ብለው በተለያየ ቡድን ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ። ለማን ስንት እንደሚከፈል ማወቅ ራሱ ሥራ ሆነ። ጎግል፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ሞዚላና ሌሎችም ተሰብስበው ያለ ክፍያ የሚሠራበት ኤቪ 1 የሚባል አወጡ፣ 2018 ላይ። አንዳንዱ "አየሽ፣ ፓተንት ፈጠራን አመጣ" ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ያ ሁሉ ጭንቅላት ኬላ ለመሸሽ ባይባክን ሌላ ምን ይሠራ ነበር?

ዘመነ_ፍሎፒ
ልጆች፣ እናንተ ሳትወለዱ ጂፍ በሚባለው የስዕል ፋይል ይሄው ሆኗል። ስዕሉን የሚጨምቀው ዘዴ የዩኒሲስ ፓተንት ነበር። ሰው ሁሉ ነፃ መስሎት ለዓመታት ሲጠቀምበት ከቆየ በኋላ በ1994 መጨረሻ ላይ ክፈሉ መጣ። የተናደዱ ሰዎች በኢንተርኔት ተጻጽፈው በጥቂት ወራት ፒኤንጂ የሚባል ነፃ ምትክ ሠሩ። ዛሬም በየስልካችሁ አለ። የዩኒሲስ የአሜሪካ ፓተንት በ2003 ጊዜው አለፈ፣ ማንም አላለቀሰለትም።

ግን ለተበልቼ የምለው አለኝ። እኛ አገር ሠሪውን የጎዳው የፓተንት እጦት አይደለም። የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች በዲስኬት ሲዞሩ አይቻለሁ። ፓወር ግዕዝን ስንቶቻችን ነን ገዝተን የተጠቀምነው? በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየቢሮው የተገለበጠ ነበር። ይሄ የቅጂ መብት ጥሰት ነው፣ ሕጉም አለ። የሚያስከብረው ነው የጠፋው። ያለውን ሳናስከብር ሌላ ብንጨምር የሚጠቀምበት ጠበቃ ያለው ድርጅት ነው።

ፊደል_ወዳጅ
ጋሽ ፍሎፒ የአማርኛ መጻፊያን ስላነሱ እቀጥላለሁ። የራሳችን የፓተንት ጉዳይ አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ስለሚከተብበት መንገድ ቁጥር 9,000,957 የሆነውን ፓተንት ለዶክተር አበራ ሞላ ሰጥቷል። ሰውዬው የእንስሳት ሐኪም ሆነው ሳለ ለፊደላችን ብዙ ዘመን የደከሙ ናቸው፣ ለሥራቸው አክብሮት አለኝ።

ግን ኩራቱና ሥጋቱ አብረው ነው የመጡብኝ። ኩራቱ ግልጽ ነው። ሥጋቱ ደግሞ፣ የራሳችንን ፊደል የምንጽፍበት ዘዴ የግለሰብ ንብረት ሲሆን ምን ይሰማችኋል? አማርኛ በየስልኩ ሊጻፍ የቻለው ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ አንድ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ፣ ስለገባ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ ቁጥር አሰጣጥ ነበረው፣ አንዱ ላይ የጻፍከውን ሌላው ላይ ስትከፍተው ዝባዝንኬ ይሆናል። ያዳነን ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት የጋራ ደረጃ ነው።

ተበልቼ_አውቃለሁ
እሳቸው ሌላ ምን ያግኙ? አመሰግናለሁ የሚል ሰርተፊኬት?

ሕግ_ሰፈር
ቀስ በሉ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ፓተንት በርዕሱ አይለካም። "የግዕዝ ፊደል አከታተብ" ስለሚል ግዕዝ የሚጽፍ ሁሉ ይነካል ማለት አይደለም። መጨረሻው ላይ ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች አሉ፣ ባለቤቱ የኔ ነው የሚለው እዚያ የተጻፈውን ብቻ ነው። ቀድሞ የታወቀ ነገር ደግሞ ሊካተት አይችልም። አማርኛን በላቲን ቁልፎች የመጻፍ ሥርዓቶች፣ ሴራ (SERA) የሚባለውን ጨምሮ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነበሩ። እና የአሜሪካ ፓተንት አዲስ አበባ ውስጥ አይሠራም። የሚሠራው አሜሪካ ነው።

ሆኖም ቀጭኔ ልብ በል፣ አፕህን ፕሌይ ስቶር ላይ ለአሜሪካም ከከፈትከው እዚያ ገበያ ገብተሃል። ለጊዜው ለኢትዮጵያ ብቻ ክፈተው። የአሜሪካ ነጋዴ ከመርካቶ ሳሙና አያዝዝም።

የአጎትህ ልጅ ያለውን በተመለከተ፣ የአሜሪካው በር ራሱ ጠቧል። በፈረንጅ ሰኔ 2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሊስ በሚባለው ጉዳይ ላይ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ወሰኑ። አንድን የታወቀ አሠራር "በኮምፒውተር ሠራሁት" ማለት ብቻውን ፈጠራ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ብዙ ፓተንት ተሰርዟል። ትእዛዝ ተቀብሎ ማደራጀት ደግሞ መርካቶ ከተመሠረተች ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አውሮፓም ለሶፍትዌር በሩን ወለል አድርጎ ይክፈት የሚለው ሕግ በሐምሌ 2005 ፓርላማው ውስጥ 648 ለ14 ነው የወደቀው። በ14 ድምፅ የወደቀ አይደለም፣ 14 ሰው ብቻ ነው የደገፈው።

ቀበሌ_ወጣ
ቀጭኔ "አንዴ ነካ አድርጎ ያጸድቃል" ያልከው የአማዞን አይደለም እንዴ? ፖሊስ ይምጣ 😂

ሲያትል_ዝናብ
ቀልድ አይደለም፣ ነበረ። አማዞን በመስከረም 1999 "በአንድ ጠቅታ መግዛት" ላይ ፓተንት አገኘና ወር ሳይሞላው የገና ገበያ ሊደርስ ሲል ባርነስ ኤንድ ኖብል የሚባለውን መጽሐፍ ሻጭ ከሰሰ። እነዚያ ደግሞ ምን አደረጉ፣ አንድ ጠቅታ ጨመሩ። "እርግጠኛ ነዎት?" አዎ። ፈጠራ ማለት እንግዲህ! አፕል ፈቃድ ገዛ። በ2017 ጊዜው አልፏል፣ ስለዚህ ነጋዴዎቹ በነፃነት ይንኩ።

ቀጭኔ፣ እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የድምፁን ክፍል ከየት አመጣችሁት? ከባዶ አሠልጥናችሁ እንዳትሉኝ።

ቀጭኔ_ኮድ
ከባዶ አይደለም። አፓቺ 2.0 የሚባል ማንም በነፃ እንዲጠቀም የሚያስችል ፈቃድ ያለው ክፍት ሞዴል ወስደን በአማርኛ ድምፅ አሠለጠንነው። ያንን የሠራው ሦስተኛው ጓደኛችን ነው፣ እሱ አንድ ባንክ ውስጥ ፕሮግራመር ነው። ማታ ማታ ነው የሚሠራልን።

ሲያትል_ዝናብ
አፓቺ 2.0 መሆኑ ጥሩ ነው። ሞዴሉን የሠሩት ሰዎች ያዋጡት ሥራ ላይ ፓተንት ቢኖራቸው እንኳ አብሮ ተፈቅዶልሃል። አንተ ዞረህ በዚያው ሥራ ምክንያት የፓተንት ክስ ከከፈትክ ግን ያ ፈቃድ ይቋረጥብሃል። ለእናንተ ዓይነቱ ከሰርተፊኬት ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሌላም አለ። ዘዴያችሁን በሙሉ የትም አትለጥፉ፣ ግን ሌላ ሰው ኋላ መጥቶ ፓተንት እንዳያወጣበት የምትፈሩት ክፍል ካለ ቀን ያለው ጽሑፍ አድርጋችሁ አውጡት። አንዴ በይፋ ከወጣ አዲስ ነኝ ማለት አይችልም።

ተበልቼ_አውቃለሁ
አውጡት ይላል ደግሞ። ሲያትል ሆኖ ማውጣት ቀላል ነው። እኔ ብሆን ሳልለቀው ለማንም አላሳይም ነበር፣ የሚያየው ሁሉ መጀመሪያ ይፈርም።

ሕግ_ሰፈር
በመፈረሙ ከተበልቼ ጋር ነኝ። ሚስጥር የመጠበቅ ውል ለፓተንት የማይበቃውንም ነገር ይይዛል።

ግን ቀጭኔ፣ "ባንክ ውስጥ ፕሮግራመር ነው" አልክ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በአዋጅ 410 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ውሉ ምክንያት የሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው። ማታ ማታ፣ በራሱ ኮምፒውተር፣ ከሥራው ጋር የማይገናኝ ነገር ከሆነ ጥሩ። የባንኩን ላፕቶፕ ተጠቅሞስ ከሆነ? ውሉ ላይ "በቅጥር ዘመንህ የምትሠራው ሶፍትዌር ሁሉ የባንኩ ነው" የሚል አንቀጽ ካለስ? እናንተ ስለ አማዞን ታወራላችሁ፣ አፓችሁ ግማሹ የባንክ ሊሆን ይችላል። ሦስታችሁስ ተፈራርማችኋል? ማን ስንት እንዳለው፣ አንዱ ቢወጣ ኮዱ ምን እንደሚሆን?

ቀጭኔ_ኮድ
አልተፈራረምንም። ጓደኛሞች ነን።

ዘመነ_ፍሎፒ
እንዲህ ያለ ጓደኝነት ብዙ አይቻለሁ።

ቀጭኔ_ኮድ
አሁን ደወልኩለት። ላፕቶፑ የራሱ ነው። ውሉን ግን ፈርሞ እንጂ አንብቦት አያውቅም፣ የት እንዳስቀመጠውም እየፈለገ ነው።

ሕግ_ሰፈር
ካላገኘው ከሰው ኃይል ክፍል ግልባጭ ይጠይቅ፣ ለምን እንደፈለገው ግን አያብራራ። ሲገኝ ስሙንና የባንኩን ስም ሸፍኖ የአእምሯዊ ንብረት አንቀጹን ፎቶ አንስቶ እዚህ ይለጥፍ። እስከዚያ ድረስ አፑን አትልቀቁት።